በእጁ የሚያወራ ሕፃን አፉን ለመፍታት ይዘገያል ወይ?

የሆጤዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው፤ ወንድ ልጃችን አሥረኛ ወሩን ይዟል። ባለቤቴ መስማት የተሳናት እህት አለችው። ከእኛው ጋር ስለምትኖር እኔ ወደ ሥራ ስወጣ ልጁን ከአማቴ ጋር ሆና የምትይዘው እሷ ናት። የምልክት ቋንቋን በትምህርት ቤት በሚገባ የተማረች በመሆኗ ልጁን ስታበላው፣ ልብሱን ስትቀይርለትና ስታጫውተው በእጇ ታነጋግረዋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልጁ ጣቶቹን ሰብስቦ ወደ አፉ እየወሰደ ምግብ መጠየቅ ጀምሯል፤ አጥሚቱ ሲያልቅበትም ከማልቀሱ በፊት እንዲሁ አድርጎ ዐይን ዐይናችንን ያያል። እኔንና ባለቤቴን በጣም ደስ ብሎናል።

አማቴ ግን ሥጋት አድሮባቸዋል። «በእጁ ጠይቆ የሚያገኝ ልጅ አፉን ለመፍታት ምን ያስቸኩለዋል?» ይላሉ። መስማት የተሳናት ልጅ ያሳደጉ እናት ስለሆኑ ቃላቸውን እንደ ተራ ነገር ላልፈው አልፈልግም። በሌላ በኩል ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር የባለቤቴ እህት የእናቷን ከንፈር እያየች ምን እንደተባለ ትረዳለች። ሰሞኑን አማቴ አጠገቧ ሲቀመጡ ልጁን በእጇ ማነጋገሯን ስታቆም አይቻለሁ፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በሙያም ሆነ በኑሮ ነገሩን የምታውቁት ሰዎች እንድትረዱኝ እለምናለሁ። የሚሰማ ሕፃን ምልክት ቢለምድ ንግግሩ ይዘገያል ወይ? ምልክት የለመደ ልጅ ከእኩዮቹ የላቀ ይሆናል የሚባለውስ እውነት ነው? እኔና ባለቤቴ የምናውቀው ምልክት ጥቂት ብቻ ስለሆነ ዩቲዩብ ላይ ለአሜሪካ ሕፃናት የተዘጋጁ ቪዲዮዎችን እያየን መማር ጀምረናል፤ ይህ ተገቢ መሆኑንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መምህርት ከቧንቧ ውሃ፦

የተከበሩ እኅታችን፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። መልሴ ባጭሩ አይዘገይም የሚል ነው፤ ምክንያቱን ማወቅዎ ግን አማትዎን ለማስረዳት ስለሚጠቅምዎ ትንሽ ላስፋው።

መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ የሚሰሙ ናቸው። እነዚህ ልጆች ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ምልክት እያዩ ያድጋሉ፤ ንግግርን ደግሞ ከአያት፣ ከጎረቤትና ከሰፈር ልጆች ይሰማሉ፤ ንግግሩን በበቂ ሁኔታ እስከሰሙ ድረስም ሁለቱንም ቋንቋዎች ይዘው ያድጋሉ። ከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ቤት እየሰሙ አድገው ሁለቱንም አጣርተው የሚናገሩ ልጆችን ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። በእርስዎ ቤት ደግሞ አያቱ ቀኑን ሙሉ ያወሩታል፤ እናትና አባቱም እንዲሁ። ልጁ የንግግር ድርቅ የለበትም።

ሕፃን መናገር ከመቻሉ በፊት ብዙ ነገር ይረዳል። ንግግር ምላስን፣ ከንፈርን፣ ጉሮሮንና ትንፋሽን በአንድ ጊዜ ማስማማት ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚያወጡት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ወይም ከሞላቸው በኋላ ነው፤ እጅ ግን ከዚያ ቀድሞ ይታዘዛል። እንዲያቅፉት ሲፈልግ ሁለት እጁን የሚዘረጋ፣ «ቻው» ሲሉት መዳፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ሕፃን በየቤቱ አለ፤ ቻው ማለት ስለለመደ መናገር የተወ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 ላውራ አን ፔቲቶና ፓውላ ማሬንቴት የተባሉ ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ከዚህ የጠለቀ ነገር አሳይቷል። የሚሰሙ ሕፃናት «ባ ባ»፣ «ዳ ዳ» እያሉ በአፋቸው እንደሚኮላተፉት ሁሉ፣ ምልክት እያዩ የሚያድጉ መስማት የተሳናቸው ሕፃናትም ገና ትርጉም የሌላቸውን የእጅ ቅርጾች እየደጋገሙ በእጃቸው ይኮላተፋሉ። የሕፃን አእምሮ የሚፈልገው ቋንቋን ነው፤ በጆሮ ይምጣ በዐይን አይመርጥም።

ከእኩዮቹ የላቀ ይሆናል ስለሚባለው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነገሩ የተስፋፋው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ሊንዳ አክሬዶሎና ሱዛን ጉድዊን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባካሄዱት ምርምር ነው። የአክሬዶሎ ልጅ ገና በቅጡ ሳትናገር አበባ ባየች ቁጥር እንደምታሸት አፍንጫዋን መሸብሸቧ ትኩረታቸውን ስቦ፣ ሕፃናት በአካል እንቅስቃሴ ነገሮችን እንደሚሰይሙ አጠኑ፤ ይህን እንዲለምዱ የተደረጉ ሕፃናትም በንግግር ቀደም ይላሉ የሚል ውጤት አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥናቶቹን መርምረው ማስረጃው በቂ አይደለም ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤሊዛቤት ከርክና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር 40 ሕፃናትን ከስምንተኛ ወራቸው እስከ ሃያኛ ወራቸው ተከታትለው፣ ምልክት የተማሩት ካልተማሩት በንግግር እንዳልቀደሙ፣ እንዳልዘገዩም ጽፈዋል። ልዩነት የታየው በእናቶቹ ላይ ነው፤ ምልክት እንዲያሳዩ የተመከሩት እናቶች ልጃቸው ሳይናገር የሚያሳየውን ፍላጎት ይበልጥ ያስተውሉ ነበር። በእኔ አመለካከት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እርስዎም ልጅዎ ከማልቀሱ በፊት ዐይን ዐይናችሁን እንደሚያይ የጻፉት ይህንኑ ያሳያል።

የአሜሪካ ቪዲዮዎችን ግን ብትተዉአቸው እመርጣለሁ። የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አሜሪካና እንግሊዝ እንኳ በንግግር አንድ ቋንቋ እየተጠቀሙ የምልክት ቋንቋቸው የተለያየ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምረው ቋንቋ ነው። ልጁ ከአክስቱ አንድ ምልክት፣ ከስልክ ሌላ ምልክት እያየ የሚደናገርበት ምክንያት የለም። ቤታችሁ ውስጥ የተማረች ሰው አለች፤ እሷን አስተምሪን በሏት።

የፒያሳው፦

እኔ የእናታችንን ሥጋት እጋራለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው ከጥቂት ቃላት በስተቀር አይናገርም ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ በጣቱ ያመለከተውን እያነሡ ስለሚሰጡት መናገር አላስፈለገውም። ምልክቱ ልጁ አፉን ከፈታ በኋላ ቢጀመር ምን ይጎዳል? ጥናቱ በሌላ አገር ልጆች ላይ የተደረገ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ሲስተር ከሰኞ ገበያ፦

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ልጅ ታሪክ ለብዙ ወላጆች ትምህርት ስለሚሆን አንተም በመጻፍህ አመሰግንሃለሁ፤ ምክንያቱን በተመለከተ ግን አልስማማም። ጤና ተቋም ውስጥ በነርስነት የቆየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ልጅ መናገር ሲዘገይ «ሰነፍ ነው»፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» እየተባለ የሚታለፈው ጊዜ ነው ልጁን የሚጎዳው። ልጅ ስለተመቸው ብቻ ሳይናገር ሦስት ዓመት አይሞላውም። በዚያ ዕድሜ የማይናገር ልጅ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጆሮው ነው፤ ቀጥሎም አጠቃላይ ዕድገቱ። ጎረቤቶችህ ልጁን አስመርምረውት ካልሆነ እባክህ ዛሬውኑ ንገራቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ። ምልክቱን ቀጥይ፤ መምህርቷ ያለችው ትክክል ነው። ነገር ግን ከመልእክትሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የልጁ አክስት መስማት የተሳናት ስትወለድ ጀምሮ ነው ወይስ በኋላ በበሽታ? ይህን አማትሽን ጠይቂያቸው። በቅርብ ዘመድ ከልጅነት ጀምሮ የመስማት ችግር መኖሩ ሕፃኑ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ከሚያስፈልጉ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ምንም ምልክት ባይታይበትም እንኳ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ስሙ ሲጠራ ይዞራል፤ «ባ ባ ባ» እያለ ድምፆችን ያያይዛል፤ የምታውቂው ድምፅ በሩ ላይ ሲሰማ ሳያይ ይፈነጥዛል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነ ደስ ይላል፤ ግን አይበቃም። መስማት የተሳናቸው ሕፃናትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣሉ፤ ይህም ብዙ እናቶችን ያዘናጋል።

በቤት ውስጥ ከበስተኋላ ማጨብጨብ ወይም ትሪ መምታት ምርመራ አይሆንም። ልጁ የሰውን ጥላ ያያል፤ የወለሉን ንዝረትና የእጁን ነፋስ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ሳይሰማም ሊዞር ይችላል። ከዚህም በላይ ወፍራም ድምፅ የሚሰማ፣ ቀጭኖቹን የንግግር ድምፆች ግን የማይለይ ልጅ አለ። ትክክለኛው ምርመራ ሕፃኑ በተኛበት ትንሽ መሰኪያ ጆሮው ውስጥ ተደርጎ የውስጥ ጆሮው ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ በመሣሪያ የሚለካ ነው፤ አያምም፣ ብዙም አይቆይም። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቅረቡና የት እንደሚሠራ ይመራችኋል። ጆሮው ውስጥ ዘይትም፣ የጡት ወተትም፣ ቅጠልም እንዳይጨመር አደራ፤ መግል ከታየም ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ታክሞ ያልዳነ የጆሮ ምርቀዛ መስማትን ይቀንሳል።

ምርመራው ችግር ካሳየ ደግሞ ምልክቱን ማቆም ሳይሆን ማጠናከር ነው የሚያስፈልገው። በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ የመስማት ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታውቆ እርዳታ ያገኙ ልጆች ዘግይቶ ከታወቀባቸው ይልቅ በቋንቋ ብዙ እንደሚሻሉ አሳይቷል። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ምልክት በማያውቅ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ሙሉ ቋንቋ ሳያገኙ የሚቀሩትም በዚህ ምክንያት ነው። የእናንተ ቤት ልጅ ምንም ቢሆን ይህ አይደርስበትም።

አባት ከኮምቦልቻ፦

መስማት የተሳነኝ፣ ሁለት የሚሰሙ ልጆች ያሉኝ አባት ነኝ። ልጆቼ ከእኔና ከእናታቸው ምልክትን፣ ከአያታቸውና ከሰፈር ልጆች ደግሞ አማርኛን ይዘው አድገዋል፤ ዛሬ ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው፤ የሚናገሩትን ሰው ሁሉ ይረዳቸዋል። ስለ ጥናቱ መምህርቷ በሚገባ ስለጻፉ እኔ የምጨምረው በቤት ውስጥ ስለሚደረገው ነው።

መጀመሪያ የልጁ ዐይን መገኘት አለበት። የታዘለ ሕፃን የሚያየው ጀርባን ነው፤ ስለዚህ ልታነጋግሩት ስትፈልጉ ከጀርባ አውርዱትና ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት። ደሴ ብርዱ ጠንካራ በመሆኑ ሕፃናት እጃቸው ሳይቀር በፎጣና በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይውላሉ፤ እጁ የታሰረ ልጅ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ቢያንስ በምግብ ሰዓት እጁ ነጻ ይሁን፣ እጅጌውም እስከ ጣቱ አይድረስ። መስኮት ከኋላችሁ አድርጋችሁ አትቀመጡ፤ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ሲመጣ እጃችሁና ፊታችሁ ይጨልምበታል። መብራት ሲጠፋም ሻማው ከጎናችሁ ሆኖ እጃችሁን እንዲያበራ አድርጉት።

እስኪያያችሁ ድረስ ጠብቁ። አገጩን ይዛችሁ አታዙሩት፤ ትከሻውን ወይም እግሩን በቀስታ ነካ አድርጉት፤ ወይም ምልክቱን እሱ በሚያየው ነገር አጠገብ ሥሩለት። ኩባያውን እያየ ከሆነ እጃችሁን ወደ ኩባያው አስጠጉና እዚያው አሳዩት፤ ቀና ብሎ ፊታችሁን ሲያይ ድገሙለት። መስማት የተሳናቸው እናቶች አንዳንድ ጊዜ ምልክቱን በልጁ ሆድ ወይም ጉንጭ ላይ ይሠሩለታል፤ ልጁም በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በገላውም ይቀበለዋል።

ልጁ የሚሠራው ምልክት ከአክስቱ ጋር አንድ ባይሆን አትደነቁ። ትንንሽ ጣቶችን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስለሚከብደው በአንጓው የሚሠራውን በክርኑ፣ በክርን የሚሠራውን በትከሻው ይሠራዋል፤ በሁለት ጣት የሚሠራው ደግሞ በሙሉ እጁ ይሆናል። ይህ «ውሃ»ን «ዋዋ» ከማለት አይለይም። የፈለገውን ስጡት፤ እየሰጣችሁት ምልክቱን እናንተ በትክክል አሳዩት። እጁን ይዛችሁ እየቀረጻችሁ አታሠለጥኑት።

የእጅ ፊደልም አሁን አያስፈልገውም። የእኛ የእጅ ፊደል የፊደል ገበታን ተከትሎ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሰባት ድምፆች ደግሞ ሰባት የእጅ እንቅስቃሴ ስላለው በጣም የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ማንበብ ለሚጀምር ልጅ ነው። ለሕፃን በየቀኑ የሚፈልጋቸውና የሚወዳቸው ነገሮች ይበቁታል፦ ወተት፣ ውሃ፣ ጨምሩልኝ፣ በቃኝ፣ እናት፣ አባት፣ አያት፣ ዶሮ፣ ድመት፣ እንቅልፍ። እርስዎና ባለቤትዎ ቃሉን እየተናገሩ አንዱን ምልክት ቢያሳዩት መልካም ነው። እህታችሁ ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገሯን፣ በራሷ ሰዋስው፣ በፊቷ ገጽታ ጭምር ትንገረው፤ ለሕፃን ብላ ቋንቋዋን አትቆራርጠው።

አንድ ነገር በትሕትና እለምናለሁ። እህታችሁ እጇን እንዳትሰበስብ አድርጉ። መስማት የተሳነው ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዘመዶቹ መካከል በቋንቋው ማውራት ሲያሳፍረው ምን እንደሚሰማው አውቀዋለሁ። ያ ልጅ ምናልባት ከቤቱ ሁሉ ከእሷ ጋር እንደ ልብ የሚያወራ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል።

የሆጤዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሲስተር እንዳሉኝ አማቴን ጠየቅኋቸው። የባለቤቴ እህት ስትወለድ ትሰማ ነበር፤ አፏንም ፈትታ «እማ»፣ «ነይ»፣ «እንብላ» ትል ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት በማጅራት ገትር ታማ ከሞት ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ መስማት አቆመች። ቃላቷ ግን ወዲያው አልጠፉም፤ ጥቂት በጥቂት እየደበዘዙ ሄዱ። ትምህርት ቤት ገብታ ምልክት መማር የጀመረችው የመጨረሻዎቹ ቃላት በሚጠፉበት ጊዜ ነበርና፣ አማቴ ንግግሯን የወሰደባት ምልክቱ ነው ብለው እስከ ዛሬ ያምናሉ። ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። ለካ ሥጋታቸው የልጅ ልጃቸውን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መምህርት ከቧንቧ ውሃ፦

እንዲህ ይበሏቸው። በዚያ ዕድሜ መስማት ያቆመ ልጅ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ፣ የተናገረውን እየሰማ ማስተካከል ስለማይችል፣ የሌላውን ንግግርም ስለማያገኝ ቃላቱ ይጠፋሉ። ምልክት ቢማርም ባይማርም ይህ ይደርስበታል፤ ብርቱ የንግግር ሥልጠናና የመስሚያ መሣሪያ በጊዜው ካላገኘ በስተቀር። ልጃቸው ምልክት ባትማር ኖሮ ንግግሯም ይጠፋ ነበር፤ ምትክ ቋንቋም አይኖራትም ነበር። ትምህርት ቤት መላካቸው ትክክለኛ ሥራ እንደነበር እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ልጃቸው ራሷ ብትነግራቸው ይሻላል፤ ምልክት በሚገባ የሚያውቅ ሰው መሀል ሆኖ ያስተርጉም። የልጅ ልጃቸው ሁኔታ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እሱ እየሰማ ነው ምልክት የሚለምደው።

አባት ከኮምቦልቻ፦

እናታችን ከልጅ ልጃቸው ጋር አብረው እንዲማሩ ጋብዟቸው። ሕፃኑ ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ምልክት ስለሆነ ከእሱ እኩል ይጀምራሉ፤ የተማሩትንም ማታ ከልጃቸው ጋር ያወሩበታል። ያለፉት ዓመታት አልፈዋል፤ እናትና ልጅ ግን አሁንም በአንድ ቤት አሉ።

ሲስተር ከሰኞ ገበያ፦

ማጅራት ገትር መሆኑን ማወቅሽ ጥሩ ነው፤ በዘር የሚተላለፍ አለመሆኑ ሥጋቱን ይቀንሳል። የልጁ ክትባት በወቅቱ መሟላቱን በካርዱ ላይ አረጋግጪ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 በመደበኛ ክትባት ውስጥ ያስገባችው የኒሞኮካል ክትባት ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱን ይከላከላል። የጆሮ ምርመራውንም ቢሆን አትተዪው። ቀጠሮ ስትይዢ ሕፃኑ ዘወትር የሚተኛበትን ሰዓት ምረጪ፤ ከመግባታችሁ ጥቂት ቀደም ብለሽም አጥቢው፤ የተኛ ልጅ ቶሎ ይመረመራል።